ለቶንጋይ የተዘጋጀው ቆረቆንዳ

አክስት ኤስናት ወገባቸው ላይ ከቋጠሩት ጨርቅ ውስጥ ቆረቆንዳውን አወጡና ጋሪካይ ሊፈልጠው ባቆመው ግንድ ላይ አስቀመጡት። ፍሬው ተፈልፍሎ ያለቀ፣ ከርሞ የጠቆረ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ጋሪካይ መጥረቢያውን እንዳነሣ ቀረ።

«ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉት።

ያውቃል። በዚህ አገር ተወልዶ ይህን የማያውቅ ማን አለ? ሚስት ሳያገባ፣ ልጅ ሳይወልድ የሞተ ወንድ ሲቀበር ቆረቆንዳ ከጀርባው ይታሰርለታል። «ሚስትህም ይኸው፣ ልጅህም ይኸው፤ ተመልሰህ አታስቸግረን» ይባልና አፈር ይጫነዋል። እንዲህ የተሸኘ ሰው ስሙ ለልጅ አይወጣም፣ ሙታን በሚታሰቡበት ቀን ጠላ አይፈስለትም፣ መንፈሱም ወደ ቤትህ ተመለስ ተብሎ አይጠራም። ባጭሩ፣ ሰው አልነበረህም ተብሎ ነው የሚሸኘው። ማሰሩም መተዉም የአባት እህት ሥልጣን ነው። እናቱ ጎጆ ውስጥ ለተጋደመው ለቶንጋይ ደግሞ የአባቱ እህት አክስት ኤስናት ናቸው።

«ዛኬዎ እሰሪለት ብሎኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዛኬዎ የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው። «እኔ ግን በሰባ ዓመቴ መቃብር አፍ ላይ ቆሜ መዋሸት አልፈልግም። አንተ ሐራሬ ከልጃችን ጋር ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት ኖረሃል። እስቲ ንገረኝ፤ ልሰረው ወይስ ልተወው?»

ጋሪካይ ቀና ብሎ አየ። ዛኬዎ ሃያ እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ከመቃብር ቆፋሪዎቹ ጋር ቆሞ አካፋ ይስላል። ጋሪካይ መጥረቢያውን ቀስ ብሎ አወረደ።

«እኔ ምን አውቄ አክስቴ?» አለ። «ጓደኛ ነኝ። ይሄ የቤተሰብ ነገር ነው።»

«ጓደኛ» አሉ አክስት ኤስናት፣ ቃሉን እንደ መራራ ቅጠል እያላመጡ። ቆረቆንዳውን አንሥተው ወደ ጨርቃቸው መለሱት። «ባለቤት ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ልጄ። ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው። መቃብሩ አፍ ላይ ቤት ነበረው ወይ ብዬ ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ወጉ ነው። መልስ ካጣሁ አስሬለት እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ የሚፈታው የለም።»

አይ ጋሪካይ! ቃል ገብቶ ነበር እኮ። ለራሱ ለቶንጋይ፣ በቁሙ።

ቶንጋይ የእጅ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። ከትውልድ አገሩ ከቡሄራ እስከ ሳቬ ወንዝ ማዶ ባሉት መንደሮች ፓምፕ በተበላሸ ቁጥር እሱ ይጠራል። ጆሮውን ቧንቧው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሰዉን ሁሉ «እሽሽ» ብሎ ዝም ያሰኝና የውሃውን ድምፅ ያዳምጣል። ጋሪካይ ደግሞ ሐራሬ ምባሬ ገበያ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። የተገናኙትም በቱታ ምክንያት ነው። ቶንጋይ ጉልበቱ የተቀደደ ሰማያዊ ቱታ ይዞ መጣ፤ ጋሪካይ ጣፈለት። በሳምንቱ ያው ቱታ ክርኑ ላይ ተቀዶ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ኪሱ፣ በአራተኛው ሳምንት እንደገና ጉልበቱ። ጋሪካይ ጨርቁን ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየና ሳቀ።

«ይሄን ምስማር አልቀደደውም» አለው። «ይሄ የመቀስ ሥራ ነው።»

«ታዲያ ሌላ ምን ሰበብ ነበረኝ?» አለ ቶንጋይ፣ ፊቱ በላብ ተጠምቆ።

ከዚያ ወዲያ አብረው ኖሩ። ለጎረቤት ሁለት ወንደላጤዎች፣ ኪራይ የሚጋሩ። ለራሳቸው ግን ባልና ሚስት ቤታቸውን እንደሚያቆሙት ቤት አቆሙ፤ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው አጥሚት አፍልቶ አጠጣ። አንድ ቀን ጋሪካይን የዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ሊገድለው ደረሰ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዓሣን እየወደደው ይፈራዋል። ቶንጋይ ታዲያ አጥንቱን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ ጉራሹን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ እየመረመረ፣ «እንካ፣ አንተ ፈሪ» እያለ ያቀርብለታል።

ፈሪነቱ ለዓሣ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከምባሬ በፊት በኖሩበት ሰፈር አንድ እሑድ ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ጎረቤት ድንጋይ ይዞ በራቸው ላይ ተሰበሰበ። ማን ምን እንዳወራባቸው አላወቁም። ቶንጋይ ጋሪካይን በጓሮ መስኮት ገፍትሮ አስወጣውና ራሱ በሩን ደግፎ ቀረ። በዚያ ቀን ሁለት ጣቶቹ ተሰበሩ፤ ጠመው ቀሩ። ፖሊስ ጋ አልሄዱም፤ ሄደው ምን ይላሉ? ቢናገሩ የሚታሰሩት እነሱ ናቸው። ጋሪካይ ከዚያ ቀን በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው መስኮቱን ሆነ።

ቃል የገባው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ቶንጋይ አጎቱን ጄሬሚያን ቀብሮ ከመንደር ተመለሰ፤ ሲስቅ የሚውለው ሰው ሳይስቅ፣ እህል ሳይቀምስ ተቀመጠ። ጄሬሚያ ከአንድ የማዕድን ሠራተኛ ጋር ሃያ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖሮ ነበር። ሲቀበር ቆረቆንዳ ታሰረለት። ሰውዬው ጥግ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ሦስቴ ሲጠየቅ ሦስቴም ዝም አለ።

«አንተም ዝም ትላለህ?» አለው ቶንጋይ።

«አልልም» አለ ጋሪካይ።

«ማል።»

«በእናቴ ሞት።»

ማለ እንግዲህ። ማን ቶሎ ይሞታል ብሎ አሰበ? አርባ አንድ ዓመት ሰው የሚሞትበት ዕድሜ ነው? ባለፈው ማክሰኞ ቶንጋይ የተሳፈረበት፣ ቧንቧ የጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ጋሪካይ አስከሬኑን ይዞ፣ «ጓደኛው ነኝ» ብሎ ቡሄራ ገባ።

በለቅሶ ቤት ውስጥ ትልቁ ፈተና «አንተ የማን ነህ?» የሚሉት ጥያቄ ነው። ከማንጎው ሥር ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ እጁን ይጨብጥና ይጠይቀዋል። ክፋት የለውም፤ ሰው ዘመዱን ማወቅ ይፈልጋል። ጋሪካይ ግን በደነገጠ ቁጥር አፉ ላይ የመጣለትን ይመልሳል። ለአንዱ የኪራይ ቤት ተጋሪ፣ ለሌላው የሥራ ባልደረባ፣ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ ደግሞ የማኅበር ወንድም ነኝ አለ። ውሸት ሲበዛ ማከማቻ ይፈልጋል፤ እሱ የት ያኑረው? ከቀትር በኋላ ሦስቱ ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ገንፎ ሲበሉ ነገሩ ወጣ።

«የማኅበር ወንድሙ ነው ያለቀሰው» አለ አገልጋዩ።

«የትኛው? ያ ቀጭኑ? እኔን አብረን ፓምፕ እንሠራለን ብሎኛል» አለ ሌላው።

«ያን የመሰለ ለስላሳ እጅ ይዞ?» አለ ሦስተኛው፣ እና ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን አንዱ የሌላውን ጆሮ ተጠጋ። ጋሪካይን ላብ ያጠመቀው እሱ ነው። ጎጆው ደጃፍ ላይ ጎመን የሚቀነጥሱት ሴቶችም ቀና ብለው አዩት።

ዛኬዎ ሁሉንም ሰምቷል። ባልዲ አንሥቶ፣ «ና ውሃ እንቅዳ» አለው። ጋሪካይ ተከተለው። ፓምፑ ከግቢው ራቅ ብሎ ነው፤ ቶንጋይ በወጣትነቱ መጀመሪያ የጠገነው እሱን ነበር። ዛኬዎ ባልዲውን አስቀምጦ መቅዳቱን ተወው። ወንድሙን ይመስላል፤ ያው ግንባር፣ ያው ሰፊ ትከሻ። ጋሪካይን ከሁሉ ያስፈራው ይህ መምሰሉ ነበር።

«አውቃለሁ» አለ ዛኬዎ። «ከሁለት ዓመት በፊት ነው የነገሩኝ። እናቴ እንዳትሰማ ብዬ ዋጥኩት።»

«ጋሼ፣ እኛ ኪራይ ነው የተጋራነው...»

«ተው! ወንድሜን ከነቀብሩ አታዋርድብኝ።» አለ ዛኬዎ። «ነገ አንዲት ቃል ከአፍህ ብትወጣ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? አንተን የሚያደርጉህን ያደርጉሃል፤ አካፋው በእጃቸው ነው፣ እኔም አልከለክልም። ግን እሱን ትተውት ይሄዳሉ። ገባህ? ሬሳውን መንገድ ላይ አስቀምጠውት ይበተናሉ። ሴቶች ልጆቼን የሚያገባቸው ይጠፋል። ወንድሜን ብቻዬን፣ እንደ ውሻ ነው የምቀብረው።»

ዛኬዎ እየተናገረ ወደ ግቢው ዞር ዞር ይላል። ይህ ትልቅ ሰውዬ ከእሱ ባልተናነሰ ፈርቷል።

«አልናገርም» አለ ጋሪካይ። «ተከራይ ነኝ። ሌላ ምንም አይደለሁም።»

ይህን ብሎ ባልዲውን ራሱ ቀዳ። ወደ ግቢው ሲመለሱ ወደ ሐራሬ የሚመልሰውን አውቶቡስ አሰበ፤ ቦርሳው ዝግጁ ነው፣ መንገዱም ቅርብ ነው። ወጥቶ እስከ መንገዱ ዳር ደርሷልም። አውቶቡሱ አቧራውን እያስነሣ መጣ፣ ፍጥነቱን ቀነሰለት፣ ጋሪካይ እጁን አላነሣም፣ አለፈው። መቅረቱ ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ቶንጋይን ያለ እሱ ጎጆ ውስጥ ተጋድሞ ማሰብ አልሆንልህ አለው፤ ይኸው ነው።

ሲመለስ የጎጆው በር ክፍት ነበር። የቶንጋይ እናት፣ ሰው ሁሉ የዛኬዎ እናት የሚላቸው፣ ከአስከሬኑ ራስጌ ተቀምጠዋል። ከመጣ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገሩትም። ያን ጊዜ ግን ቦርሳውን አዩ፣ ጫማው ላይ ያረፈውን የመንገድ አቧራም አዩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ።

በነጋታው ጠዋት ሬሳው ከመውጣቱ በፊት ሎቬነስ ብቅ አለች።

ሎቬነስ የዛኬዎ ሚስት ናት፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ አፏ የማያርፍ። በቀብር ቀን ምራት የሟቹን ልብስ ለብሳ ሟቹን ትሆናለች፤ አካሄዱን፣ አነጋገሩን፣ ጉዱን ሁሉ ታወጣለች። ማንም አይከፋባትም፤ የተቆጣ ሰው ፍየል ይቀጣል። እንባ የሚበዛበት ቀን ሳቅ ካልተቀላቀለበት ሰው ያብዳል ይላሉ ሽማግሌዎቹ። እና ሎቬነስ በቶንጋይ ሰማያዊ ቱታ ተወጥራ ወጣች። ጉልበቱ ላይ፣ ክርኑ ላይ፣ ኪሱ ላይ ጋሪካይ የጣፈው አለ። ሰው ሁሉ እሷን ያያል፤ እሱ የራሱን ስፌት ያያል።

የጎጆውን ምሰሶ አቀፈች፣ ጆሮዋን ለጠፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች። «እሽሽ! አትተንፍሱ፤ ውሃው እያማኝ ነው» አለች፣ በራሱ በቶንጋይ ድምፅ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። «አለ ገና! ውሃ እንደ ሚስት ነው፤ ካላዳመጡት ይደርቃል!» እያለች ትልቁን መፍቻ ትከሻዋ ላይ ጭና ተንጎራደደች። ወንዶቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ዛኬዎ ሳይቀር ፈገግ አለ። ጋሪካይም ለአንዲት ቅጽበት ፍርሃቱን ረስቶ ሳቀ፤ ቁርጥ ቶንጋይ ነበረች።

ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ባዶ ሰሃን ተቀበለች። ሁለት ጣቶቿን አጥፋ፣ አጣማ፣ ከባዶው ሰሃን ላይ የማይታይ ዓሣ መፈልፈል ጀመረች። አንድ አጥንት ነቀለች፣ ወረወረች። ሌላ ነቀለች። ጉራሹን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ አንድ ዓይኗን ጨፍና መረመረችው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ጋሪካይ ደሙ ከፊቱ ሲወርድ ተሰማው። ባለፈው የገና በዓል ከቶንጋይ ጋር ለጥየቃ መጥተው ከጎተራው ጀርባ ዓሣ ሲበሉ፣ ማንም አላየንም ብለው ነበር።

«የታለ?» አለች ሎቬነስ ዙሪያዋን እያየች። «የታለ ያ ፈሪ?»

ዓይን ሁሉ ዓይኗን ተከትሎ ሄዶ ጋሪካይ ላይ አረፈ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ መሳቁን አቁሟል። ሎቬነስ ተነሥታ፣ ጉራሹን በጣቶቿ እንደያዘች፣ ወደ እሱ መጣች። አፉ ድረስ አደረሰችው። «እንካ፣ አንተ ፈሪ» አለች ቀስ ብላ።

ጋሪካይ ፊቱን አዞረ።

ሰዉ ሳቀ። ሎቬነስ እጇን አንከርፍፋ ቆመች። በአክስት ኤስናት ፊት፣ በዛኬዎ ፊት፣ አሁን ደግሞ እዚህ፤ ቶንጋይን ሲክድ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ይህኛው ግን ያለ ቃል ነበር፣ ከሁሉም የባሰው ይህ ነበር። ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የማይታየውን ጉራሽ መልሳ ራሷ ጎረሰችው፣ «ጠግቧል መሰለኝ» ብላ ቀለደችና ፊቷን በቱታው እጅጌ ጠረገች። እሱ በጣፈው በኩል።

አስከሬኑ ወጣ። እየዘመሩ፣ ከበሮ እየመቱ ተሸክመውት ሄዱ። ጋሪካይ ከኋላ ነበር። የመቃብሩ ጉድጓድ ከሚያብብ ቁጥቋጦ አጠገብ ተቆፍሯል፤ ስድስቱ ቆፋሪዎች አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጋሪካይ አካፋዎቹን ቆጠረ። የመውጫ መንገዱን አየ፤ በቁጥቋጦው በኩል ወደ ታች፣ ከዚያ ወንዙ። መስኮት ፈላጊ ዓይኑ መቃብርም ላይ መስኮት ይፈልጋል።

አክስት ኤስናት ወደ ፊት ወጡ። ቆረቆንዳውን አወጡ። የሚያስሩበት የልጥ ገመድም አብሮ አለ።

«የወንድሜ ልጅ ቶንጋይ ይህ ነው» አሉ። «ቤት ነበረው ወይ? የሚያውቅ ይናገር።»

ዝም።

ዛኬዎ ጋሪካይን ያየዋል። ጋሪካይ መሬት መሬቱን ያያል።

«ቤት ነበረው ወይ? ሲመጣ በር የሚከፍትለት፣ ሲቀር የሚጨነቅለት ነበረ ወይ?»

ጋሪካይ እንደገና ወደ ቁጥቋጦው አየ። ድንጋዮቹ ትዝ አሉት፣ የተሰበረው በር ትዝ አለው። በሩን ደግፎ የቀረው ሰውም ትዝ አለው። እሱ በመስኮት ሲዘል ያ ሰው አልዘለለም እኮ።

«ለመጨረሻ ነው የምጠይቀው» አሉ አክስት ኤስናት፣ ገመዱን እየፈቱ። «ቤት ነበረው ወይ?»

«ነበረው» አለ ጋሪካይ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ማን ተናገረ ብሎ እሱ ራሱ ዞር ሊል ምንም አልቀረው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሲያየው ግን ሌላ መሄጃ አልነበረውም። «ቤት ነበረው። ምባሬ፣ ሁለት ክፍል። በር የምከፍትለት እኔ ነበርኩ። ሲያመሽ የምጨነቀውም እኔ። ዘጠኝ ዓመት። ሰው ነበረው፤ እባካችሁ ቆረቆንዳ አትሰሩበት።»

ከቆፋሪዎቹ አንዱ አካፋውን ከመሬት ነቀለ። ከሴቶቹ መሐል «ኧረ ጉድ!» የሚል ድምፅ ወጣ። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ መጽሐፉን ዘጋ። ሁለት ሰዎች ወደ ኋላ ሸሸት አሉ፤ ዛኬዎ የፈራው ሊደርስ ነው፣ ሊበተኑ ነው። የዛኬዎ ፊት ዓመድ መሰለ። ጋሪካይ ዓይኑን ጨፍኖ የመጀመሪያውን ምት ጠበቀ።

የመጣው ሳቅ ነው። ሎቬነስ ናት፤ አሁንም ቱታውን እንደለበሰች፣ ወገቧን ይዛ ትንከተከታለች።

«ሰማችሁት? ይሄ ሰውዬ ባሌን ሊቀማኝ ነው!» አለች። ምራት ዋርሳዋን በቀልድ ባሌ ማለት ልማዷ ነው። «እኔ ቡሄራ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ለካ ጣውንት አለችኝ! ደግሞ እኮ ልብስ ሰፊ ናት! ለኔም ቀሚስ ትሰፋልኛለሽ አይደል፣ ጣውንቴ?»

አንዲት አሮጊት ፈንድታ ሳቀች። ሌላዋ ተከተለች። ከዚያ ወንዶቹ። አንዳንዱ እውነትም ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ አንዳንዱ ሌላው ስለሳቀ። ብዙዎቹ ግን፣ ጋሪካይ ፊታቸው ላይ አየው፣ ነገሩን ደህና አድርገው አውቀው ነው የሳቁት፤ መሳቅ ከመወርወር ስለሚቀል። ሳቁ አዳነው። ሳቁ አቆሰለውም። በሕይወቱ አንድ ጊዜ እውነት ቢናገር ቀልድ ሆነ።

«ምራት የቀለደችበት ነገር ሸንጎ አይወጣም» አሉ አክስት ኤስናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የተቆጣ ካለ ፍየሉን ያምጣ።» ወደ ቆፋሪው አዩ። ቆፋሪው አካፋውን ወደ ቦታው መለሰ።

«እና ቆረቆንዳው?» አለ አገልጋዩ።

«ሦስቴ ጠየቅኩ፤ መልስ አገኘሁ።» ገመዱን ጠቀለሉ፣ ቆረቆንዳውን ወደ ጨርቃቸው መለሱት። «ልጄን አውርዱት።»

እናትየው አልሳቁም፣ አላለቀሱምም። አፈር ሲወረወር መጀመሪያ እሳቸው ጣሉ። ከዚያ ዛኬዎ ጎንበስ ብሎ አፈር ዘገነ፣ ጣለ። ቀና ሲል ከጋሪካይ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ዛኬዎ ገለል ብሎ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀ። ጋሪካይ ጠጋ ብሎ አፈሩን ጣለ።

በነጋታው የመቃብሩ አካፋዎች እስኪታጠቡ አስከሬን ይዞ የመጣ ሰው አይሄድም። ጋሪካይ ስለዚህ ቆየ፤ ከማንጎው ሥር ብቻውን ተቀምጦ። ከግራና ከቀኙ ያለው አግዳሚ ባዶ ነበር። ያለፈው ሰው ሰላም ይለዋል፣ ግን አይጨብጠውም። ፍርሃቱ የትም አልሄደም፤ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ዞር ይላል። ሰው አንድ ቀን ደፈረ ተብሎ ደፋር አይሆንም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ቤተሰቡ ጎጆው ውስጥ ለምሳ ተሰበሰበ። ሎቬነስ ጠርታው ገባ። ጎረቤት ከግድቡ አምጥቶ ያስተዛዘነበት ዓሣ በድስት ይፈላል፤ ገንፎው ተሠርቷል። አክስት ኤስናት እሳቱ ሲደክም አዩና ከወገባቸው ቆረቆንዳውን አውጥተው፣ ሌላ ማገዶ እንደሚጨምር ሰው፣ ከድስቱ ሥር ማገዱት። ቆረቆንዳ ቶሎ ይነድዳል። ሁሉም አዩት።

ጋሪካይ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ገንፎውን ቆረሰ። ዓሣውን አልነካውም።

«ጋሪካይ አውቶቡስ እንዳያመልጠው» አለ ዛኬዎ፣ ከሰሃኑ ቀና ሳይል።

«ገና አልበላም» አሉ እናትየው።

ከመጣ ጀምሮ ጋሪካይ ስለ እሱ ሲናገሩ ሲሰማቸው ይህ የመጀመሪያው ነው። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው የጋሪካይን ሰሃን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ዓሣውን በጣታቸው ፈለጡት። አንዱን አጥንት አወጡ፣ ሰሃኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። ሌላውን አወጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስለዚህ አይቸኩሉም። ዛኬዎ መብላቱን አቁሞ ያያል። ሎቬነስ አፏን በእጇ ይዛለች። እናትየው ጉራሹን አነሡና በበሩ በሚገባው ብርሃን በኩል ከፍ አድርገው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው መረመሩት። ቶንጋይ ይህን ከማን እንደተማረው ጋሪካይ ያን ጊዜ አወቀ።

«እንካ» አሉ እናትየው። «አጥንት የለውም።»

ጋሪካይ አፉን ከፈተ።